ለምን አልጠፋችም? ስለ ባሪያ ሴቶች የሚጻፈው ልብ ወለድና ያልነበረው ምርጫ

ስለ ባርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ያነበቡ ሰዎች ሲገናኙ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ለምን አልጠፋችም?» ይባላል። ባለታሪኳ ሴት ከሆነች ደግሞ ጥያቄው እየከረረ ይሄዳል። «ለምን እሺ አለችው?» «እንዴት ከሱ ትወልዳለች?» «ልጆቿን ትታ እንዴት ሄደች?» ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ግን ዛሬ ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። በሩ ክፍት ሆኖ እሷ ያልወጣች ይመስለዋል።

ለኔ የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ደራሲው ባለታሪኳን ምን ያህል ጀግና አደረጋት ብዬ አላይም። ከፊቷ ስንት መንገድ እንደነበረ፣ እያንዳንዱም ምን እንደሚያስከፍላት አሳይቶኛል ወይ? እሱን ነው የማየው።

ነገሩ በአሜሪካ ከንባብ አልፎ ፖለቲካ ሆኗል። በ2021 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) በቨርጂኒያ የአገረ ገዥነት ምርጫ የሪፐብሊካኑ ዕጩ አንዲት እናት የምትናገርበት ማስታወቂያ አሠራጨ። ሴትየዋ ልጇ በትምህርት ቤት እንዲያነበው በተሰጠው መጽሐፍ ደንግጣ የተነሳች ናት። ማስታወቂያው የመጽሐፉን ስም አይጠራም። ጋዜጠኞች ግን ወዲያው አወጡት፤ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። ዕጩው አሸነፈ። በ2023 ደግሞ ፍሎሪዳ ያወጣችው የታሪክ ትምህርት መመሪያ ባሪያዎች አንዳንዴ ለግል ጥቅማቸው ሊያውሉት የሚችሉት ሙያ አዳብረዋል የሚል መስመር ይዞ መጣና ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ።

ሁለቱን ጭቅጭቆች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ይመስሉኛል። ተማሪው ባርነት እንደነበረ ይወቅ፤ በዚህ ብዙም ጠብ የለም። ጠቡ መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ይይ ወይስ አይይ የሚለው ላይ ነው።

ለመሆኑ ያ መጽሐፍ ምን ይዟል?

መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል የኬንታኪ ባሪያ ከባሏ፣ ከባሏ ወላጆችና ከአራት ልጆቿ ጋር ጠፋች። የኦሃዮ ወንዝ በብርዱ ደርቆ በረዶ ሆኖ ነበር። በእግራቸው ተሻግረው ሲንሲናቲ ገቡ። ኦሃዮ ባርነት የሌለበት ግዛት ነው። ግን በ1850 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጠፋ ባሪያ በየትኛውም ግዛት ቢገኝ ተይዞ ለጌታው እንዲመለስ ያዛል። ብዙም ሳይቆይ የተጠለሉበት ቤት ተከበበ። አሳዳጆቹ ሰብረው ሲገቡ ማርጋሬት ቢላ አንስታ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ገደለች። ወደ ሌሎቹ ልጆቿ ስትዞር ያዟት።

ስለዚህ «ለምን አልጠፋችም?» ለሚለው አንዱ መልስ ይኸው። ጠፍታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የችሎት ክርክር ለኔ ከግድያው የማይተናነስ ነው። የባርነት ተቃዋሚዎች በነፍስ ግድያ ትከሰስ ብለው ተሟገቱ። ልብ በሉ፣ ይህን የሚሉት የሷ ወገኖች ናቸው። ምክንያት ነበራቸው። ነፍሰ ገዳይ ሊባል የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ ዕቃ አይከሰስም። በግድያ ከተከሰሰች ኦሃዮ ውስጥ ትቀራለች። ልጅቷም ልጇ እንደነበረች ሕጉ ያምናል ማለት ነው። ጌታዋ በበኩሉ «ንብረቴ ናት፣ ትመለስልኝ» አለ። ጌታው ረታ። አንዲት ሴት ወንጀለኛ ለመባል እንኳ የማትበቃበት ጊዜ ነበር።

የሴቶች መብት ተሟጋቿ ሉሲ ስቶን በዚያ ችሎት ተነስታ ተናግራለች። የልጆቹን ፊት ተመልከቱ ነው ያለችው። ልጆቹ ቀያዮች ነበሩ፤ የሞተችው ሕፃን ደግሞ ለነጭ የቀረበች ነበረች ይባላል። ሰሚው የገባውን ገባው። ማርጋሬት ሴት ልጇን ያዳነቻት ከምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ተላከች። በጉዞው ላይ የተሳፈሩበት መርከብ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ሕፃን ልጇ ሰጠመች። እሷ በ1858 በታይፎይድ ሞተች።

ሞሪሰን ይህን ታሪክ ያገኘችው በ1970ዎቹ በአንድ ማተሚያ ቤት አርታኢ ሆና ስትሠራ ከአሮጌ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ልብ ወለዱ በ1987 ወጣ፣ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በ1993 ደራሲዋ ኖቤል ተሸለመች። የሽልማቱን ነገር እንለፈው። የሚያስገርመኝ ታሪኩ ላይ ያደረገችው ለውጥ ነው። እውነተኛዋ ማርጋሬት ወደ ባርነት ተመልሳለች። የልብ ወለዷ እናት ግን አትመለስም። እስር ቤት ቆይታ ትፈታለች፤ ነፃ ሰው ሆና፣ እንጀራዋን በጉልበቷ እየበላች፣ በገደለቻት ልጅ መንፈስ በተያዘ ቤት ውስጥ ትኖራለች።

ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ ሁሉንም ነገር የለወጠው ግን እሱ ነው። ታሪኩ እንዳለ ቢጻፍ ኖሮ አንባቢ ዳኛውን ይራገማል፣ ያለቅሳል፣ መጽሐፉን ይዘጋል። እናትየውን በሕይወትና በነፃነት ስታቆያት ግን ዳኝነቱ ወደ አንባቢው ይመጣል። ጎረቤቶቿ ይፈርዱባታል። የሚወዳት ሰው ሲሰማ ይደነግጣል። እሷ ልጆቼን ደህና ቦታ ላስቀምጥ ነው የሞከርኩት ትላለች። ልክ ነች የሚል መጽሐፍ አይደለም። አጥፍታለች ብሎም አይፈርድባትም። ምን ታድርግ ኖሮ? የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይዞ ያቆያችኋል። የቨርጂኒያዋ እናት ልጄ እንቅልፍ አጣ ብላ ነበር አሉ። ይገባኛል፤ እንቅልፍ የሚነሳ መጽሐፍ ነው።

እዚህ ላይ ከልብ ወለዱ ወጣ ብለን ሕጉን ማየት አለብን፤ የባሪያ ሴት ነገር ከወንዱ የሚለየው በሕግ ጭምር ነውና። በ1662 የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት አንድ ድንጋጌ አወጣ። ልጅ ባሪያ ይሁን ነፃ የሚለየው በእናቱ ሁኔታ ነው ይላል። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ደረጃ ይከተል ነበር። ይህን ገለበጡት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጌታው ከባሪያው ከወለደ ልጁ ወራሽ ሳይሆን ንብረት ይሆንለታል። ደፋሪው ተጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ትርፍ ያገኛል ማለት ነው።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከአፍሪካ በቀጥታ ወደዛሬዋ አሜሪካ ምድር የተጋዙት ሰዎች ወደ 400 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ከ1808 ጀምሮ ከውጭ ባሪያ ማስገባት ተከለከለ። በ1860 ግን በአገሪቱ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ባሪያዎች ነበሩ። ከየት መጡ? ከሴቶቹ ማህፀን። የሚሲሲፒና የአላባማ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ያገኘው ከዚያ ነው። አንዲት ሴት አለመውለድ እንኳ በጌታዋ ኪስ ላይ የተፈጸመ በደል ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

እምቢ ስትልስ? ሴሊያ የምትባል የሚዙሪ ልጅ ታሪክ ይህን ይመልሳል። በ1850 አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ገበሬ ገዛት፤ ገና የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ለአምስት ዓመት ሲደፍራት ኖረ። በ1855 አስጠንቅቃው፣ አልሰማ ሲላት በዱላ መትታ ገደለችው። የሚዙሪ ሕግ ማንኛዋም ሴት ክብሯን ለመከላከል እንድትችል ይፈቅድ ነበር። ጠበቆቿ «ማንኛዋም ሴት» የሚለው እሷንም ይጨምራል ብለው ተከራከሩ። ዳኛው አልተቀበለም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ተሰቀለች።

እንግዲህ መጥፋትንም፣ መግደልንም አየን። ሦስተኛው መንገድ የሃሪየት ጄኮብስ ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚቸገረውም በዚህኛው ነው።

ጄኮብስ በ1813 በኖርዝ ካሮላይና ኤደንተን ከተማ ተወለደች። ልጅነቷን ሳትጨርስ ጌታዋ፣ ሐኪም ነው፣ ይጎተጉታት ጀመር። ነፃ ሰው ለማግባት ብትፈልግ ከለከላት። ከዚያ ያደረገችው ነገር አለ። ሌላ ነጭ መረጠች። ያላገባ ጠበቃ ነበር፤ በኋላ የኮንግረስ አባል ሆኗል። ከእሱ ሁለት ልጅ ወለደች። ስሌቷ ቀዝቃዛ ነው። ጌታዬ ተናዶ ይሸጠኛል፣ ያኛው ይገዛኛል፣ ልጆቼ ነፃ ይወጣሉ። አልተሳካም። በ1835 ነፃ በወጣችው አያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ተደበቀች። ቦታው ቆሞ መሄድ ቀርቶ በደንብ መቀመጥ አያስችልም፤ ከፍተኛው ቁመቱ ከአንድ ሜትር በታች ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የወጣችው። ልጆቿ እዚያው ግቢ ይጫወቱ ነበር፤ ግድግዳው ላይ በበሳችው ቀዳዳ ታያቸዋለች። እነሱ አያውቁም። ጌታዋ ሰሜን፣ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ይፈልጋታል፤ እሷ ከቢሮው ብዙም ሳትርቅ ነበረች። በ1842 በመርከብ አመለጠች።

ይህን ሁሉ በ1861 በብዕር ስም ጽፋ አሳተመችው። አንባቢዎቿ ጨዋ የክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ስለ ጠበቃው ስትነግራቸው ታፍራለች፤ ግን አትለምናቸውም። ባሪያ ሴት እንደሌላዋ ሴት መመዘን የለባትም ትላለች። እናንተ ቤታችሁ በሕግ የተጠበቀላችሁ አትፍረዱብኝ ነው ነገሩ። ለዘመኑ ደፋር አባባል ነው።

ከዚያ የሆነው ምፀት ነው። መጽሐፉ ተረሳ። የሚያስታውሱትም ልብ ወለድ ነው፣ ነጯ አርታኢ ሳትጽፈው አትቀርም ሲሉ ኖሩ። ጂን ፌገን የሊን የምትባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ የጄኮብስን ደብዳቤዎች ይዛ ታሪኩ እውነት፣ ጸሐፊዋም ራሷ መሆኗን አረጋገጠች። ከመቶ ዓመት በላይ ምስክርነቷ ተረት ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ታሪካዊ ልብ ወለድ ለምን እንዳስፈለገ ይገባችኋል። ሰነዱ የተጻፈው በጌቶቹ እጅ ነው። በሽያጭ ውል ላይ ዕድሜዋና ዋጋዋ አለ፤ የተናገረችው የለም። ባሪያዋ ስትጽፍ ደግሞ አይታመንም። ደራሲ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ለመጥፎ ደራሲም። መጥፎዎቹ የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች ሁለት ይመስሉኛል። አንዱ የፍቅር ታሪክ ማድረግ ነው። ሳሊ ሄሚንግስን ውሰዱ። በ1787፣ ያኔ በፈረንሳይ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረውን፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነውን የቶማስ ጀፈርሰንን ልጅ አጅባ ፓሪስ ስትሄድ 14 ዓመቷ ነበር። እሱ በአርባዎቹ ውስጥ ነበር። የሟች ሚስቱ የአባት ልጅ እህት ናት፤ ማለት የሚስቱ አባት ሲሞት የሚስቱ እህት ባሪያ ሆና ለጀፈርሰን በውርስ መጣችለት። ፈረንሳይ ውስጥ ነፃ መሆን ትችል ነበር። ልጇ ማዲሰን በ1873 በጋዜጣ እንደተናገረው፣ እርጉዝ ነበረች፤ መመለስ አልፈለገችም። የተመለሰችው የምትወልዳቸው ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ እንዲወጡ ጀፈርሰን ቃል ገብቶላት ነው።

ይህን ታሪክ ፍቅር አድርገው ያቀረቡት ብዙ ናቸው። ፍቅር የሚለው ቃል ታሪኩን ያሳንሰዋል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ባሕር ማዶ፣ ቋንቋውን ገና በምትለምድበት አገር፣ የማኅፀኗን ፍሬ ነፃነት ከአሜሪካ አምባሳደር ጋር ተደራድራ አገኘች። በምላሹ የራሷን ሰጠች። ወደ ፍቅር ታሪክ ስትለውጡት ድርድሩ ይጠፋል፤ ብልህነቷም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጉድጓድ ተቃራኒው ነው። ባለታሪኳ ሰይፍ የምትመዝ፣ ማንንም የማትፈራ፣ ንግግሯ የዛሬ አክቲቪስት የሆነች ሴት ትሆናለች። ሲነበብ ደስ ይላል። ግን ሳናውቀው ሌሎቹን እየሰደብን ነው። እሷ ከቻለች፣ ያልቻሉት ምን ነክቷቸው ነው? ያሰኛል። ለመጥፋት ጉልበትና ድፍረት በቂ አልነበረም። ከጠፉት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ልጅ በጀርባቸው ነበር።

ወደ እኛ ስመጣ ሳልሸማቀቅ አልቀርም። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር ባርነት ውስጡ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አባት በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ውለታ ሊመልስ ሲሄድ በባሪያ ነጋዴ እጅ ይወድቃል። እህቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። ሴት ሆኖ መንገድ መውጣት አይቻልም ነበርና የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ ጀግና ሴትነቷን ደብቃ ነው የምትጓዘው። ጥሩ ጅማሬ ነበር። ግን ጦቢያ የጨዋ ልጅ ናት። መጨረሻዋም ንግሥትነት ነው። የማንም ዘመድ ገንዘብ ይዞ የማይፈልጋት ልጅ፣ የጭን ገረዷ፣ ወፍጮ ቤት የምታድረው፣ ከዚያ ወዲህም በሥነ ጽሑፋችን መሐል ወንበር አላገኘችም። ትገባለች፤ ውሃ አቅርባ፣ እግር አጥባ ትወጣለች።

ታሪክ ስላልነበረ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ነፃነት የሰው ሁሉ ተፈጥሮ መሆኑን ተናግሮ፣ ጦርነት ግን አንዱን ለሌላው አገልጋይ ያደርገዋል ብሎ ይፈቅዳል። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች በጎጃምና በሸዋ ገበያዎች አልፈው በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። ከተሻጋሪዎቹ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። አገሪቱ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነት ዋና የክርክር ነጥብ ነበር፤ በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1942 ነው። የብዙዎቻችን አያቶች ተወልደው ነበር። በየቤቱ «እቤት ያደገች» እየተባለች የምትጠራ ሴት ነበረች፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ልጅ «ዝም በል» ይባል ነበር።

በነገራችን ላይ «ለምን አልጠፋችም?» የሚለው ጥያቄ አልሞተም። ዓረብ አገር ፓስፖርቷን አሠሪዋ ስለያዘባት ልጅ ሲወራ «ማን አስገደዳት? ፈልጋ ነው የሄደችው» የሚል አይጠፋም። ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የአፈራረድ ልማዳችን ግን ያው ነው፤ የመረጠችውን እናያለን፣ ምርጫውን ማን እንዳቀረበላት አንጠይቅም።

በአማርኛ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ መነሻ አለ። አስቴር ጋኖ በሊሙ እናርያ ቤተ መንግሥት ባሪያ ነበረች። ወደ ዓረብ አገር ስትሸጥ በ1886 የጣሊያን መርከብ ያዛቸውና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰደች። እዚያ ወደ 15 ሺህ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖችና ተረቶች ጻፈች። ከትንሽነቷ የተነጠቀችውን ቋንቋ ከትዝታዋና ከባልንጀሮቿ አፍ እየለቀመች ማለት ነው። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያለ እሷ የሚሆን አልነበረም። ሥራው የሚጠራው ግን በተርጓሚው በኦነሲሞስ ነሲብ ስም ነው። ኦነሲሞስ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ከባርነት የወጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአስቴር ስም ከኋላ መቅረቱ ከርዕሳችን ውጭ አይደለም።

ሌላም አለ። በ1888 ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር የባሪያ ጀልባዎችን ያዘች። ከነፃ ወጪዎቹ 64 የኦሮሞ ልጆች፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ትምህርት ቤት ደረሱ። እያንዳንዳቸው ከየት እንደተወሰዱ፣ ማን እንደሸጣቸው፣ በየትኛው መንገድ ባሕር እንደደረሱ ተጠይቀው ታሪካቸው ተጽፏል። አንዳንዶቹ በፈንጋይ የተነጠቁ፣ አንዳንዶቹ በቅርብ ሰው የተሸጡ ናቸው። ሕፃናት በራሳቸው አፍ የተናገሩት እንዲህ ያለ ሰነድ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። በመጀመሪያ ለቤት ሠራተኝነት አሠለጠኗት፤ በኋላ አስተማሪ ሆነች። ከማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት ዐሥር ዓመት የታሰረው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው።

በ1903 እነዚህ ሰዎች፣ አሁን አዋቂ ሆነው፣ አገራቸው መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ በመጠይቅ ተጠየቁ። ተጠቅልለው ከተወሰዱ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ «ምን ትፈልጋላችሁ?» መባላቸው ነው። ጥቂቶቹ እሺ ብለው በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ቢሾ ከመጠይቁ አንድ ዓመት ቀደም ብላ አግብታ ነበር፤ ቀረች። ስለ ጠባብ ምርጫ መጻፍ የሚፈልግ ደራሲ ከዚያ መጠይቅ ቢጀምር የሚያንሰው ነገር የለም።